የየራሳችሁን አሠሩ

አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት መኪኖች አደባባይ ላይ ሲላተሙ ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው ትራፊክ ፖሊስ አይደለም፤ ዳኛ ነው። ዳኛው ደግሞ አንድ አይደለም። ሎተሪ አዟሪው ዳኛ ነው። ሊስትሮው ዳኛ ነው። ከታክሲው የወረደው ተሳፋሪ፣ ከባንክ የወጣው ባለ ከረባት፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለቅሶ የሚሄዱት ሴትዮ፣ ሁሉም ዳኞች ናቸው። ያየም ይፈርዳል፤ ያላየም ይፈርዳል። እንዲያውም ልብ ብዬ እንደታዘብኩት ያላየው ሰው ድምፁ ከፍ ይላል።

እኔም እንደ ማንኛውም የከተማችን ሰው እንዲህ ባለው ችሎት ብዙ ጊዜ ተሰይሜአለሁ። መስኮቴን ዝቅ አድርጌ፣ አንገቴን አስግጌ፣ ‹‹የነጩ ጥፋት ነው›› ብዬ ፈርጄ አልፌአለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን ተራው ደረሰኝና ከተከሳሽ ወገን ቆምኩ። ፍርዱ ለእኔ ጥሩ ነበር። የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወሩ ሰኔ ነው፤ ያካፋል። ከአራት ኪሎ ሽቅብ ወጥቼ ስድስት ኪሎ አደባባይ አፍ ላይ ደረስኩ። ከፊቴ የነበረው ፒክአፕ ገባ፤ እኔም በአሮጌዋ ቮልሴ ጭራውን ተከትዬ ገባሁ። ወደ ግራዬ አላየሁም። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ዛሬ እዚህ እጽፋታለሁ እንጂ ያን ቀን ከአፌ አልወጣችም። ከግራዬ ሐውልቱን እየዞረ የመጣ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ነበር። የቮልሴ ፓራፋንጎ ከሚኒባሱ ቀኝ ጎን፣ ተሳፋሪ ከሚገባበት ተንሸራታች በር ላይ ተሰካ። ድምፁ ባዶ በርሜል በእርግጫ እንደመምታት ያለ ነበር፤ ከዚያ የሚያስፈራ አልነበረም። በሩ ግን ተጣሞ አልከፈት አለ። ተሳፋሪዎቹ በጋቢና በኩል አንድ በአንድ እየተንጠላጠሉ ወረዱ።

ሾፌሩ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው።

‹‹ጋሼ፣ ምነው? ውስጥ ነበርኩ እኮ!›› አለኝ።

እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? ‹‹አንተስ ቀስ ብለህ አትነዳም?››

ችሎቱ ወዲያው ተሰየመ። ‹‹ታክሲ ደግሞ መቼ ሥርዓት አለው!›› አለ አንዱ። ‹‹እኚህን የመሰሉ ትልቅ ሰው ዝም ብለው አይገቡም›› አለ ሌላው። ‹‹መምህር ናቸው፤ አውቃቸዋለሁ›› አለ ሦስተኛው። እኔ ሰውዬውን አላውቀውም። ደብተር ያቀፈች አንዲት ልጅ ብቻ፣ ‹‹እኔ ከሾፌሩ ኋላ ነበርኩ። ታክሲው እየዞረ ነበር፤ እሳቸው ናቸው የገቡበት›› አለች። ‹‹አንቺ ለመሆኑ መንጃ ፈቃድ አለሽ?›› ብለው አፏን አስያዟት። እዚያ ከቆምነው ሁሉ አጥርታ ያየችው እሷ ነበረች።

በመጨረሻ ጋቢ የለበሱ አንድ አዛውንት መሐል ገብተው ነገሩን ዘጉት። ‹‹ሰው ተርፏል፤ ይሄ ቆርቆሮ ነው። እርስዎም ይተዉ፣ አንተም ተው። የየራሳችሁን አሠሩ።››

‹‹አባባ፣ የሰው መኪና ነው እኮ። ለባለቤቱ ምን ብዬ እመልሳለሁ?›› አለ ልጁ።

‹‹እግዜር ይሰጥሃል!›› አሉት።

ትራፊኩ በሞተር ሳይክል ደርሶ፣ ‹‹ተስማምታችኋል?›› ብሎ ሲጠይቅ፣ ቀድሜ ‹‹ተስማምተናል›› ያልኩት እኔ ነኝ። ልጁ አንዴ እኔን፣ አንዴ በሩን አየና፣ ‹‹እሺ›› አለ። እሺ በአማርኛ መስማማት ብቻ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ‹‹ምን ላድርግ›› ማለትም እሺ ነው።

እንግዲህ ጉዳዩን እንደ ሥራዬ ላንብበው። ለዓመታት ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ተማሪዎቼን፣ ‹‹ደራሲው ምን ሊል ፈልጎ ይሆን ብላችሁ ከመገመታችሁ በፊት ገጹ ላይ ያለውን አንብቡ›› እያልኩ ሳሰለች ኖሬአለሁ። ስድስት ኪሎ ላይ ገጹ ቆርቆሮው ነበር። ለማንበብም ሊቅ መሆን አያስፈልግም። የመንጃ ፈቃድ ፈተና የወሰደ ሁሉ የሸመደደው ደንብ አለ፤ ወደ አደባባይ የሚገባ፣ ውስጥ እየዞረ ላለው ቅድሚያ ይሰጣል። አገራችን በ1956 ዓ.ም. ግራ ይዞ መንዳትን ትታ ወደ ቀኝ ከዞረች ወዲህ አደባባዩን በግራ እጃችን አድርገን እንዞራለን። ስለዚህ ውስጥ ያለው መኪና ለሚገባው ሁልጊዜ ከግራው ይመጣበታል። የገቢው አፍንጫ የዟሪውን ቀኝ ጎን ከመታ ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ ተጽፎ አልቋል። የእኔ አፍንጫ፣ የእሱ ቀኝ ጎን። ሌላ ምስክር ለምን ያስፈልጋል?

የአደባባይ ግጭት ሁሉ እንዲህ ቀላል ነው አልልም። ውስጠኛውን መስመር ይዞ ሲዞር የቆየ ሰው ድንገት ውጭኛውን አቋርጦ ለመውጣት ሲሞክር ከጎኑ ካለው ጋር ይላተማል። እዚህ ላይ ሁለቱም ውስጥ ናቸው፤ ‹‹ውስጥ ነበርኩ›› ማለት ለማንም አያዋጣም። ጥያቄው ይለወጣል። መስመር የቀየረው ማነው? ፍሬቻ አሳይቷል ወይ? መጀመሪያ ሲገባ የትኛውን መስመር ይዞ ነበር? ‹‹እኔ ቀድሜ ገብቼ ነበር፤ እሱ ነው በፍጥነት መጥቶ የገባብኝ›› የሚልም አለ። የተመታው ከኋላ በግራ ጎኑ ከሆነ ቃሉ ሊሰማለት ይችላል፤ በአፍንጫው ከሆነ ግን አፍንጫው ራሱ ይመሰክርበታል። የመብራቱ ስብርባሪ የት ወደቀ? ጎማው አስፋልቱ ላይ የጎተተው ምልክት ከየት ይጀምራል? ትራፊክ ፖሊስ ሜትር ዘርግቶ ፕላን የሚያነሳው ለዚህ ነው። ጥያቄዎቹ አስቸጋሪዎች ናቸው፤ ግን መልስ ያላቸው ጥያቄዎች ናቸው። መኪኖቹን ከቦታቸው አንስተን ‹‹ተስማምተናል›› ባልን ጊዜ ነው መልስ የሚያጡት።

የተማርን ነን የምንለው ሰዎች ደግሞ እዚህ ላይ የምንወዳት አንዲት ማምለጫ አለች። ‹‹እውነት እንደ ተመልካቹ ነው›› እንላለን። እኔም ብያለሁ፤ ደመወዝ እየተከፈለኝ ብያለሁ። ጃፓናዊው አኩታጋዋ እ.ኤ.አ. በ1922 ያሳተመውን፣ የአንድ ሰው አሟሟት በበርካታ ሰዎች አፍ የሚተረክበትን አጭር ልብ ወለድ አስተምር ነበር። ኩሮሳዋ በ1950 ‹‹ራሾሞን›› በሚለው ፊልሙ ያሳየን ታሪክ ነው። ክፍሉን የምዘጋው፣ ‹‹አያችሁ፣ ሁሉም የራሱ እውነት አለው›› በማለት ነበር። ተማሪው ይጽፋል፤ እኔም ቾኬን አራግፌ እወጣለሁ።

ከስድስት ኪሎው ግጭት በኋላ ታሪኩን እንደገና ሳነበው ለዓመታት ያላየሁት ነገር ታየኝ። እዚያ ታሪክ ውስጥ ሽፍታው ‹‹የገደልኩት እኔ ነኝ›› ይላል። ሚስትየዋ ‹‹እኔ ነኝ›› ትላለች። የሟቹ መንፈስ እንኳ ተጠርቶ ‹‹ራሴን ያጠፋሁት እኔው ነኝ›› ይላል። ሦስቱም የሚሻሙት ጥፋቱን ነው! እኛ አደባባይ ላይ የምንሻማው ንጽሕናውን ነው። ታዲያ የእኛን ግጭት ከዚያ ታሪክ ጋር ማመሳሰል ራስን መሸንገል ነው። የሁሉም ቃል እኩል ነው በተባለበት ቦታ የሐሰተኛው ቃል ዋጋው ይጨምራል፤ የእውነተኛው ይቀንሳል። ደብተር ያቀፈችው ልጅ ቃል እንደቀነሰው ማለቴ ነው።

ቋንቋችንም ለማምለጥ ያግዘናል። ‹‹ገጨ›› ሲባል አድራጊው ይታወቃል። ‹‹ተገጨ›› ሲባል ቢያንስ የተጎዳው ይታወቃል። ‹‹ተጋጨ›› ሲባል ግን ሁለቱም አድራጊ፣ ሁለቱም ተደራጊ ይሆኑና ጥፋቱ ለሁለት ይካፈላል። ያን ቀን ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ምን አልኳት? ‹‹ከታክሲ ጋር ተጋጨሁ።›› ሰዋስው አልተሳሳትኩም። ‹‹ታክሲ ገጨሁ›› ማለት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ለማለት አንደበቴ አልታዘዝ አለኝ።

ከግሱም በፊት ተውላጠ ስሙ ፈርዷል። አዛውንቱ ‹‹እርስዎም ይተዉ፣ አንተም ተው›› ሲሉ ሚዛኑን እኩል የያዙ መስሏቸው ነበር። እኔ እርስዎ ነኝ፤ እሱ አንተ ነው። ሽበት ያለው ሰው ላይ ‹‹አጥፍተዋል›› ብሎ ጣት መቀሰር ይከብዳል፤ ‹‹አጥፍተሃል›› ግን ከአፍ ለመውጣት አይቸገርም። መከባበራችን መልካም ነው፤ እኔም ልጆቼን ያሳደግኩበት ነው። ግን ሽበቴ ወደ ግራ አላየልኝም። ወደ ግራ ማየት የነበረበት ዓይኔ ነው።

‹‹ሽምግልናን ልታጣጥል ነው እንዴ?›› የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። አይደለም። እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። አደባባይ የምንለው ቃል ከመኪና በፊት የነበረ ነው። የቤተ መንግሥቱ ደጅ፣ ሕዝብ የሚሰበሰብበት፣ አቤቱታ የሚሰማበት ቦታ ነበር። መንገድ ላይ የተጣሉ ሰዎችም ‹‹በሕግ አምላክ!›› ተባብለው፣ የነጠላቸውን ጫፍ ቋጥረው፣ ያገኙትን መንገደኛ ‹‹ዳኘን›› ብለው ያስቆሙ ነበር። ስለዚህ ሎተሪ አዟሪው ዳኛ መሆኑ ከየትም የመጣ አይደለም፤ የዘር ሐረግ አለው። ልዩነቱ ወዲህ ነው። የጥንቱ ተሟጋች በማርና በበቅሎ ይወራረድ ነበር። ‹‹ተጠየቅ!›› እየተባለ ቃል በቃል ይፋጠጥ ነበር። መጨረሻ ላይ አንዱ ረቺ፣ አንዱ ተረቺ ነው።

ዕርቁም ቢሆን ጥፋተኛ ነበረው። ያጠፋው ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ከበደለው ሰው እግር ሥር ይወድቃል፤ ይቅርታውም ካሳውም የሚከተለው ከዚያ ወዲያ ነው። ሽማግሎቹ ተበዳዩን ‹‹አንተም ለእኩልነቱ ያህል ድንጋይ ተሸከም›› አይሉትም ነበር። እኛ ዕርቁን ወሰድንና ድንጋዩን መንገድ ላይ ተውነው። የተተወ ድንጋይ ደግሞ ተኖ አይጠፋም፤ አንድ ሰው ይሸከመዋል። ስድስት ኪሎ ላይ የተሸከመው ያላጠፋው ልጅ ነው። በሩ የማይከፈት ሚኒባስ ተሳፋሪ አይጭንም፤ ተሳፋሪ ያልጫነ ሾፌር ደግሞ ለባለቤቱ የቀን ገቢ አያስገባም። እኔ በማግስቱም ሥራዬ ላይ ነበርኩ።

ይህን ሁሉ ለአንድ የሕግ ሰው ወዳጄ ሳጫውተው፣ ‹‹ሕጉም እኮ ግማሽ ለግማሽ ይላል›› አለኝ። እውነትም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2084 ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ እንደሚቆጠር ይናገራል። ደስ አለኝ። ለካ አዛውንቱ ሳያውቁት ፍትሐ ብሔር ጠቅሰዋል! ከዚያ አንቀጹን እስከ መጨረሻው አነበብኩትና ደስታዬ ቀዘቀዘ።

አንደኛ፣ ሕጉ ‹‹የየራሳችሁን አሠሩ›› አላለም። የሁለቱም መኪኖች ጉዳት አንድ ላይ ይደመርና እያንዳንዱ የድምሩን እኩሌታ ይሸከማል ነው የሚለው። የእኔ ፓራፋንጎ ተቀጥቅጦ ቀለም ይቀባል፤ የእሱ በር ግን ከነሐዲዱ ተጣሟል። ተደምሮ ለሁለት ቢካፈል ኖሮ በሰላሙ ስሌት እንኳ ከኪሴ ወደ እሱ የሚሄድ ገንዘብ ነበረ። ‹‹የየራሳችሁን›› የምትለው ቃል እኩል ትመስላለች እንጂ እኩል አይደለችም፤ ብዙ የተጎዳው ብዙ እንዲከፍል የምታደርግ ቃል ናት።

ሁለተኛ፣ አደጋው ሙሉ በሙሉ ወይም በዋናነት በአንደኛው ሹፌር ጥፋት የደረሰ መሆኑ በማስረጃ ከታወቀ እኩል መካፈሉ ቀሪ ይሆናል። ግማሽ ለግማሽ፣ ማስረጃ ተፈልጎ ሲታጣ የሚያዝ የመጨረሻ ገመድ ነው። እኛ ግን ከመፈለጋችን በፊት እንይዘዋለን። ፍለጋው የሚያደክመን ሰዎች ስንሆን፣ ፍለጋው የሚያጋልጠን ደግሞ ይበልጥ አጥብቀን እንይዘዋለን።

ይበልጥ የሚያሳፍረኝ ሌላው ነው። የሦስተኛ ወገን መድን በአገራችን ግዴታ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገ ነው። ወረቀቱ መስታወቴ ላይ ተለጥፎ ነበር። መድኑ የተገባው እኔ በሌላው ሰውና በንብረቱ ላይ ለማደርሰው ጉዳት ነው። ያን ቀን ‹‹ጥፋቱ የእኔ ነው›› ብል ኖሮ ትራፊኩ ሪፖርቱን ይጽፋል፣ እኔ እቀጣለሁ፣ ግማሽ ቀን እመላለሳለሁ፤ የልጁ በር ግን መንገዱን ይዞ ይሠራ ነበር። ከእኔ የሚጠበቀው አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች። ዕድሜ ልኬን ዓረፍተ ነገር ሳርም ኖሬ እሷን መናገር አቃተኝ። ልጁን ኋላ ላይ ታክሲ ተራው ድረስ ሄጄ ፈልጌው ነበር። ስሙንም ታርጋውንም አልያዝኩም። ‹‹ተስማምተናል›› ብለው ሲለያዩ የሚያዝ ነገር የለማ።

ይህን የመኪና ወግ ብቻ አድርጋችሁ እንዳትወስዱት። ባል ሚስቱን ይመታል፤ ዘመድ ይሰበሰብና፣ ‹‹አንቺም አፍሽን ሰብስቢ፣ አንተም እጅህን ሰብስብ›› ብሎ ይበተናል። መሥሪያ ቤት ውስጥ አንዱ ይሰርቃል፣ አንዱ ያጋልጣል፤ ኃላፊው ሁለቱንም ጠርቶ፣ ‹‹ተግባብታችሁ ሥሩ›› ይላል። ጎረቤት የጎረቤቱን ይዞታ አንድ ክንድ ገፍቶ ያጥራል፤ ዕድሩ ገብቶ ግማሽ ክንድ ያስመልስለትና ታረቁ ይላል። ግማሽ ክንዱ የተወሰደበት ሰው ‹‹ዕርቅ የማይወድ›› እንዳይባል እጁን ዘርግቶ ይስማል። ከዚህ ከፍ ባለው በአገር ጉዳይም ‹‹ሁሉም አጥፍቷል›› የሚል ሰው ብልህ ይመስላል። አንዳንዴም ትክክል ነው። ግን መርምሮ ‹‹ሁሉም አጥፍቷል›› ያለና ሳይመረምር ያለ ሰው አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ፈርዷል፤ የሁለተኛው ደክሞታል።

በቅርብ ዓመታት ከአደባባዮቻችን አንዳንዶቹ ፈርሰው በትራፊክ መብራት ተተክተዋል። መብራት ደህና ዳኛ ነው፤ አንቱና አንተ አይለይም። ግን የቀረው አደባባይ ብዙ ነው፤ አስፋልት የሌለበት አደባባይ ደግሞ ይበዛል። እዚያ ስንደርስ፣ ‹‹የየራሳችሁን አሠሩ›› ከማለታችን በፊት አንዲት ጥያቄ ብንጠይቅ አይጎዳንም፤ ማን ነበር ውስጥ፣ ማን ነው የገባው? ደብተር ያቀፈችው ልጅ ስትናገር ደግሞ እስክትጨርስ ብንሰማት።

ከግጭቱ ሳምንት በኋላ ቮልሴን ጋራዥ ወሰድኳት። ላሜራ ቀጥቃጩ ጎንበስ ብሎ ፓራፋንጎውን በጣቱ ዳሰሰው። ነጩ ቀለም ላይ አንድ ጣት የሚያህል ሰማያዊ ተለጥፎ ቀርቷል።

‹‹ታክሲ ገጩ አይደል፣ ጋሼ?›› አለኝ።

ያለ ምስክር፣ ያለ ፕላን፣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ አነበበው።

‹‹ተጋጨን›› አልኩት።

‹‹እሺ›› አለና ሰማያዊውን በብርጭቆ ወረቀት ይፍቅ ጀመር።